በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክና ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

እንደሚታወቀው ድርቅ ሰውን ከቀዬው ሲያፈናቅል ረኃቡን ተከትሎ የሚመጣ የበሽታ ጓዝ አለ። በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃናሞራና በበየዳ ከፍታዎች ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። ተፈናቃዩ ሕዝብ በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ ያድራል፤ ያለችውን አንዲት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከልጆቹ ጋር ይጋራል፤ ልብሱን የሚያጥብበት ውኃና ሳሙና፣ ታጥቦ እስኪደርቅም የሚለውጠው ሌላ ልብስ የለውም። የልብስ ቅማል የሚራባው ይህን በመሰለ ኑሮ ውስጥ ነው። ከቅማሉም ጋር ሁለት የታወቁ ትኩሳቶች ይመጣሉ፤ አንደኛው ተስቦ ሲሆን ሁለተኛው ትኩሳት ግርሻ ወይም የሚያገረሽ ትኩሳት የሚባለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በመጠለያና በሠፈራ ጣቢያ ውስጥ እንዴት ያለ አደጋ ሊሠራበት እንደሚችል ማስረዳት ነው። ለማስረጃነት ትኩሳት ግርሻን የመረጥነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በሽታ በሽተኛው ለሞት እጅግ ከሚቀርብባቸው ሰዓታት አንዱ መድኃኒቱ ሥራውን መሥራት የጀመረበት ሰዓት ነው። ይህን ያልተረዳ የጣቢያ ኃላፊ፣ መድኃኒቱ በጊዜ ደርሶ መርፌውም በጊዜ ተሰጥቶ ሳለ ሰው ሲሞትበት፣ ምክንያቱን ከመድኃኒቱ መበላሸት ወይም ከነርሷ እጅ ሊፈልግ ይችላል። ነገሩ ከዚያ የተለየ ነው። ለአንድ መጠለያ የመድኃኒት ሣጥን ሲላክ፣ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ተኝቶ የሚጠበቅበት አልጋና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አብሮ ካልታቀደ፣ የተላከው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ትምህርት የተጀመረው ራሱ በወረርሽኝ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያውን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕሲግ ከተማ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርስቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ተጨመረበት፤ ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርስቲ አካል ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ይህን ማንሣታችን ለታሪኩ ስንል ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን የሚያዝ፣ ከበሽተኛው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ልብስና ውኃን የሚቆጣጠር ሦስት ዓይነት ሰው በአንድ ቡድን እንዲሠራ ያን ጊዜ የታሰበው አሠራር ለትኩሳት ግርሻ እንደ ልክ የተሰፋ ስለሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በሽታው ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የቀድሞ ሠራዊት አባላት በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ውስጥ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በጣሊያን፣ በጀርመንና በኔዘርላንድ ተገኝቷል። ዛሬ በዓለም ላይ ይህ በሽታ ሥር ይዞ የቀረባት ዋነኛ አገር ኢትዮጵያ ናት። በሰሜን ጎንደር ደግሞ ሰው ተጨናንቆ እንዲያድር የሚያስገድደው ሁኔታ ተደጋግሞ ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአዳርቃይና ከጠለምት የተፈናቀሉ ወገኖች በደባርቅና በዳባት ተጠልለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ሆኗል። ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ የሚወርደውን ሠፋሪና የቀን ሠራተኛም መዘንጋት አይገባም። ቅማሉን በጋቢው ይዞ ወርዶ ከቆላ ሲደርስ የሚያተኩሰው ሰው፣ በዚያ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ በሽታው ሳይታወቅለት ሊቆይ ይችላል።

በሽታው በደም ውስጥ

ትኩሳት ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የሚባል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ረቂቅ ተዋህስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው በቅማሉ ንክሻ ሳይሆን፣ ሰውየው ገላውን ሲያክ ቅማሉ ተጨፍልቆ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በተቧጨረው ቆዳ ሲገባ ነው። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ድንገተኛ ብርድና ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይጀምራል። ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፤ የአንዳንዱ ሰው ዐይን ቢጫ ይሆናል፤ ነስር ይመጣል፤ በቆዳም ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ልታስወርድ ትችላለች። ካልታከመ ትኩሳቱ አምስት ወይም ስድስት ቀን ቆይቶ በድንገት ይወርድና፣ በሽተኛው ድኛለሁ ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ሳይታከሙ ከቀሩ 100 ሕሙማን ውስጥ ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በአግባቡ ሲታከሙ ግን የሚሞቱት ከ2 እስከ 5 ቢሆኑ ነው።

በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለወባ ምርመራ በመስታወት ላይ የሚቀባው ደም፣ በሽተኛው እያተኮሰው ሳለ ከተወሰደና የሚያይ ዐይን ካለ፣ ተዋህሱን ያሳያል። ይሁንና በየጤና ኬላውና በየመጠለያው ዛሬ የተለመደው የወባ ፈጣን መመርመሪያ የሚናገረው ስለ ወባ ብቻ ነው። መመርመሪያው ወባ የለም ሲል ቦሬሊያ የለም ማለቱ አይደለም። እንዲህ ያለው በሽተኛ ብዙውን ጊዜ ስሙ ላልታወቀው ትኩሳቱ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ይታዘዝለታል። ሴፍትሪያክሶን ቦሬሊያንም ይገድላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ትኩሳት ግርሻን ሳያስብ፣ በሽታው የሚያስከትለውን የመድኃኒት ምላሽ ሊቀሰቅስ ይችላል። አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ለመጠለያ ጣቢያ ቅንጦት ናቸው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህን ከላይ የተባለውን ለሚያስብ ሰው አስተያየቱ ተቀባይነት ያለው አይመስለንም።

መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም

አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ መድኃኒቱ በደም ሥር መሰጠት አለበት ወይ የሚለው ነው። በሕዝባችን ዘንድ መርፌ ያልተወጋ ሰው እንደታከመ አይቆጠርም፤ በደም ሥር የሚንጠባጠበውም ፈሳሽ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ግሉኮስ ይባላል። ይህ እምነት በዕርዳታ ሠራተኞችም ላይ ሲያድር ይታያል። ለመዋጥ የሚችል፣ የማያስመልሰውና አእምሮው ያልተዛባ የትኩሳት ግርሻ በሽተኛ ግን አንድ ጊዜ በሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ይድናል፤ ለአዋቂ የተለመደው መጠን 200 ሚሊግራም ነው። ይህን መድኃኒት ለማይወስዱ፣ በተለይም ለነፍሰ ጡሮች፣ ኤሪትሮማይሲን አለ። በአገራችን በ377 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው ጥናትም ያሳየው በአንድ መጠን የሚዋጥ ቴትራሳይክሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን በሽታውን እንደሚያጠፋና ፔኒሲሊን ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ግርሻ እንደሚበዛበት ነው። ስለዚህ የደም ሥር መንገድ የሚያስፈልገው ለሚያስመልሰው፣ ራሱን ለሳተ፣ የደም ግፊቱ ለወደቀ፣ ወይም የማጅራት ገትር ወይም ሌላ ብርቱ የባክቴሪያ መመረዝ ለሚጠረጠርበት ሰው ነው።

ካስፈለገም በመጀመሪያ የብልቃጡን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ፔኒሲሊን የሚባለው አንድ መድኃኒት አይደለም። በደም ሥር የሚገባው ክሪስታሊን ፔኒሲሊን የሚባለው፣ ሲበጠበጥ እንደ ውኃ የጠራው ነው። ፕሮኬይን ፔኒሲሊንና ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ሲበጠበጡ እንደ ወተት ይነጣሉ፤ እነዚህ በጡንቻ ብቻ የሚወጉ ናቸው። በደም ሥር ከገቡ ልብንና መተንፈሻን በድንገት ሊያስቆሙ ይችላሉ። ትኩሳት ግርሻ ለረጅም ዘመን የታከመው በፕሮኬይን ፔኒሲሊን ስለሆነ፣ ሁለቱ ብልቃጦች በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የተለመደ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው በተለያየ ሣጥን እንዲቀመጡ ቢያደርግ ምንም ወጪ የለበትም።

ሴፍትሪያክሶንም የራሱ ጠባይ አለው። በጡንቻ ሲወጋ ሕመሙን ለመቀነስ በሊዶካይን ይበጠበጣል፤ በሊዶካይን የተበጠበጠው ግን በምንም ምክንያት በደም ሥር አይሰጥም። ለደም ሥር የሚሆነው 1 ግራም ዱቄት፣ ለመርፌ በተዘጋጀ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ በዝግታ የሚገፋው ነው፤ ከፍ ያለ መጠን ሲታዘዝ በኖርማል ሳላይን ተቀጥኖ በግማሽ ሰዓት እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። በዚህ ላይ ለመጠለያ ጣቢያ በተለይ የሚያሠጋ ጉዳይ አለ። ለኮሌራና ለብርቱ ተቅማጥ ተብሎ በብዛት የሚከማቸው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ነው። ሪንገር ላክቴት ካልሲየም አለበት፤ ካልሲየምና ሴፍትሪያክሶን ሲገናኙ ደግሞ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ወይም በአንድ ቱቦ አይቀላቀሉም፤ ለአዋቂ በየተራ መስጠት ካስፈለገ በመካከሉ ቱቦው በኖርማል ሳላይን ይታጠባል። 28 ቀን ላልሞላው ጨቅላ ሕፃን ግን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ የሚሰጠው ወይም ሊሰጠው የሚችል ከሆነ ሴፍትሪያክሶን ፈጽሞ አይሰጥም። በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ሕፃናት ዝቃጩ በሳንባቸውና በኩላሊታቸው ተገኝቶ የሞቱበት ሁኔታ በሕክምና መዛግብት ተመዝግቧል። ለአንድ ጣቢያ ሴፍትሪያክሶንና ሪንገር ላክቴት ሲላክ ጥቂት ካርቶን ኖርማል ሳላይን አብሮ እንዲጫን የምናሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ንጽሕና ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ሠራተኛው ያውቀዋልና። አንድ ሲሪንጅ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፤ የተበጠበጠ መድኃኒት ለነገ ተብሎ በጠረጴዛ ላይ አያድርም፤ ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ ወይም ካበጠ ይነቀላል። በደጋው ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ቀደም ባሉት ዓመታት የብርጭቆ ሲሪንጅ ተቀቅሎ ይሠራበት ስለነበር፣ ዕቃ ባለቀ ጊዜ መቀቀል ይበቃል የሚል ሐሳብ አሁንም አልጠፋም። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደባርቅ ግን የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቀቀል በቆላም ቢሆን ጠንካራ የባክቴሪያ ዘሮችን አያጠፋም፤ በደጋ ደግሞ ይብስበታል።

ከመርፌው በኋላ

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች በሁለት የተለያዩ ሰዓታት ይመጣሉ። ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው አጠገብ መኖር አለበት።

የመጀመሪያው የአለርጂ ምላሽ ነው። ፔኒሲሊንና ሴፍትሪያክሶንን በመሰሉ መድኃኒቶች ሊደርስ ይችላል፤ የሚጀምረውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ጉሮሮ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊት ይወድቃል። መርፌው ወዲያው ይቋረጥና አድሬናሊን በጭን ውጫዊ ጎን በጡንቻ ይወጋል፤ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም ሲሆን ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ለሕፃን በክብደቱ ይቀነሳል። አድሬናሊኑ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ ከተማ በሄደ ሰው ኪስ ካለ እንደሌለ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊትም በሽተኛውን ወይም ቤተሰቡን ከዚህ በፊት መርፌ ተወግቶ ያውቅ እንደሆነና ምን እንደ ደረሰበት መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው የትኩሳት ግርሻ ልዩ ምላሽ ነው። በቪየናው ያሪሽና በጀርመናዊው ኸርክስሃይመር፣ ማለትም ቂጥኝን ሲያክሙ መሰል ምላሽ ባስተዋሉት ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ስም የያሪሽና ኸርክስሃይመር ምላሽ ይባላል። አንቲባዮቲኩ በደም ውስጥ ያለውን እልፍ ተዋህስ በአንድ ጊዜ ሲያጠፋው፣ ከተዋህሱ አካል የሚወጣው ንጥረ ነገር የበሽተኛውን የመከላከያ ኃይል በብርቱ ይቀሰቅሰዋል። ይህ ምላሽ በሚገባ የተጠናው በአገራችን ነው። በ1960ዎቹ መባቻ ግድም በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ብራይሰን፣ ዶክተር ዋረል፣ ዶክተር ፔሪንና ዶክተር ፓሪ በሕሙማኑ አጠገብ ተቀምጠው ትኩሳቱን፣ የደም ግፊቱንና የልቡን ሥራ እየለኩ መዝግበውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው የመከላከያ ኃይሉ ከሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን የሚያከሽፍ መድኃኒት አስቀድመው በመስጠት ምላሹን ሊቀንሱት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ መድኃኒቱን ካገኙት 20 ሕሙማን በ10ሩ፣ ካላገኙት 29 ደግሞ በ26ቱ ላይ ምላሹ ታይቷል። መድኃኒቱ በየመጠለያው የሚገኝ አይደለም። ቁጥሩ የሚያስረዳን ግን ምላሹ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን ከ10 ሕሙማን በ9ኙ የሚጠበቅ መሆኑን ነው።

አካሄዱ የታወቀ ነው። በተለይ በደም ሥር የሚሰጠው ቴትራሳይክሊን ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ በሽተኛው በብርድ መንዘፍዘፍ ይጀምራል፤ በፔኒሲሊን ይህ ሊዘገይ ይችላል። ንዝፍዝፍታው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ትኩሳቱ ወደ 41 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ትንፋሽና የልብ ትርታ ይፈጥናሉ፤ አእምሮው ሊቃዥ ይችላል። ቀጥሎ ላብ ይመጣል፤ ገላው ይሞቃል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ በሽተኛውም ራሱ ተሻለኝ ይላል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ልብም ሥራው ከብዶበት ሊደክም ይችላል፤ ይህም ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። የተሻለው የመሰለው ሰው ሌሊት ለሽንት ብሎ ድንገት ቢነሣ እደጅ ሊወድቅና በዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጀርባው ተጋድሞ እንዲቆይ ይደረጋል። ሽንቱን በተኛበት የሚሸናበት ዕቃ ይቀርብለታል፤ ቀና ማለት ካስፈለገው በሰው ተደግፎ ነው። በንዝፍዝፍታው ጊዜ ይሸፈናል፤ ትኩሳቱ ሲያይል ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ገላው ይታበሳል። የደም ግፊቱ ሲወድቅ ኖርማል ሳላይን በልክ ይሰጠዋል፤ በልክ ያልነው የደከመ ልብ ብዙ ፈሳሽ ስለማይሸከም ነው። የትርታው፣ የግፊቱና የትኩሳቱ ልክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየ15 እና በየ30 ደቂቃው፣ ከዚያም በየሰዓቱ በወረቀት ላይ ይጻፋል።

ከዚህ እንደሚታየው አድሬናሊን የሚፈውሰው የመጀመሪያውን አደጋ እንጂ ሁለተኛውን አይደለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጉሮሮው ያበጠው ሰውና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የተንዘፈዘፈው ሰው የተለያየ ነገር ነው የደረሰባቸው። ሁለተኛውን አለርጂ ነው ብሎ መድኃኒት ተቃጠለበት ማለትና ለወደፊቱ እንዳይሰጠው መከልከልም ስሕተት ነው።

ስለ ተጎሳቆሉ ሕፃናት

በብርቱ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለ ሕፃን ብርቱ የባክቴሪያ በሽታ እያለበት እንኳ ላያተኩሰው ይችላል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ ተጓዳኝ ችግር የሌለበትና የሚበላው ሕፃን አሞክሲሲሊን በአፉ ይወስዳል፤ ሕመሙ የጸናበት ደግሞ ተኝቶ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ይሰጠዋል። ሁለቱ በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም፤ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋልና። ጄንታማይሲን ከልኩ ካለፈ ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ መጠኑ በዕድሜ ግምት ሳይሆን በዚያው ዕለት በተመዘነ ክብደት ይሰላል። ሚዛን የሌለው ጣቢያ ጄንታማይሲን ባይኖረው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን መድኃኒቱን ለመስጠት ተብሎ የተከፈተው ደም ሥር የፈሳሽ መግቢያ እንዳይሆን መጠበቅ አለበት። የከሳ ሕፃን ልብ እንደ ገላው ቀጭን ነው። ለጤነኛ ሕፃን የሚበቃው የጠርሙስ ፈሳሽ ይህን ሕፃን በልብ ድካም ይገድለዋል። ስለዚህ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው በደም ግፊት መውደቅ ራሱን ለሳተ ሕፃን ብቻ ሲሆን፣ ለሌላው ካኑላው ተዘግቶ ይቆይና መድኃኒቱ ብቻ በትንሽ ውኃ ይገፋል። እናቶች ግሉኮስ ይሰካለት ብለው ሲለምኑ እንቢ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገሩን በትዕግሥት ማስረዳት የነርሷ ብቻ ሳይሆን የጣቢያው አስተባባሪም ሥራ ነው።

ለጣቢያ ኃላፊዎች

ለትኩሳት ግርሻ ሕሙማን የመጀመሪያው መጠን የሚሰጥበት ሰዓት የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል በ11 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት ምላሹ የሚመጣው ማንም በሌለበት ምሽት ነው። በሽተኛው በጽኑ ካልታመመና መዘግየቱ ሐኪሙን ካላሳሰበው፣ ጠዋት ተሰጥቶ ቀኑን በብርሃን መጠበቁ ይመረጣል፤ በጽኑ የታመመው ግን በማንኛውም ሰዓት ይታከማል፣ አዳሪ ሰው ይመደብለታል። ሌሊቱን የሚጠብቀው የግድ ነርስ መሆን የለበትም፤ ትርታ መቁጠር የተማረ፣ መቼ መጥራት እንዳለበት የተነገረው ከተፈናቃዮቹ መካከል የተመረጠ ሰው ከማንም የተሻለ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። አበል ግን ይታሰብለት።

ጉዞን በተመለከተም፣ ሕሙማንን ወደ ጎንደር ሆስፒታል ማስተላለፍ ወይም ሠፋሪዎችን በመኪና ማጓጓዝ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር መገጣጠም የለበትም። ጠዋት ታክሞ በቀትር ጭነት መኪና ላይ የወጣ ሰው፣ ምላሹ የሚይዘው በመንገድ ላይ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳለ ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ፣ በ1995ና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ እንደተደረገው ባለ ሰፊ የሠፋሪ እንቅስቃሴ፣ የጉዞውን ዝርዝር የሚይዘው አንድ ክፍል፣ የታካሚውን ዝርዝር የሚይዘው ሌላ ክፍል መሆኑ አይቀርም። ሁለቱ ዝርዝሮች ከመነሻው ቀን በፊት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይተያዩ። ማለፍ የግድ ከሆነም መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት በማስተላለፊያው ወረቀት ላይ፣ ከመድኃኒቱ ስምና መጠን ጋር፣ በግልጽ ይጻፍ፤ ተቀባዩ ሐኪም ንዝፍዝፍታውን እንደ አዲስ በሽታ እንዳይቆጥረው።

በመጨረሻ የሚቀረው ቅማሉ ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ወደዚያችው ጋቢ ከተመለሰ፣ ቅማሉ በጎረቤቱ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ለልብስ መቀቀል ከፍታ አያሰናክልም፤ ለሲሪንጅ የማይበቃው የደባርቅ ፍል ውኃ ለቅማልና ለቅጫሙ ከበቂ በላይ ነው፤ 60 ዲግሪ ሙቀት ከደረሰ ሁለቱም አይተርፉምና። ማገዶ በሌለበት ፐርሜትሪን የሚባለው ዱቄት ልብሱን ለብሰው ሳሉ በአንገትጌ፣ በእጅጌና በወገብ በኩል ይነፋል። ልብስ የሚሰበስቡና የሚያጥቡ ሠራተኞች ጓንት ያስፈልጋቸዋል። የሚቀቀለው ልብስ ደርቆ እስኪመለስም ባለቤቱ ራቁቱን ሊያድር አይችልም፤ ስለዚህ በመድኃኒቱ መጠየቂያ ቅጽ ላይ፣ ከዶክሲሳይክሊኑና ከኖርማል ሳላይኑ ቀጥሎ፣ በአልጋ ልክ ብርድ ልብስና የመለወጫ ልብስ አብሮ እንዲጠየቅ ያስፈልጋል።